በመሐረብ የተቋጠረው ካርድ

ጀሞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሃሩን ሰዒድ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህን አልጠይቅህም፤ ቶሌራ ነግሮኛል፣ ወፍረሃል አሉ። እኔም አልሐምዱሊላህ አለሁ። ወረቀት ላይ መጻፍ ከትምህርት ቤት ወዲህ ስለተውኩት ፊደሌን አይተህ እንዳትስቅ። ምን ላድርግ፣ አጎታችን አናስ ፈርዷል። ለአረፋ በስልክ የተሰዳደብነውን ሰምቶ፣ ከእንግዲህ አትደዋወሉም፣ የሚጽፍ ሰው ስድቡ ግማሽ ሳይደርስ ይበርድለታል፣ ተጻጻፉ አለ። ሽማግሌ ፊት እሺ ብዬ ወጥቻለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ቶሌራ ዕቃ ሊያመጣ ጓንዡ በተመላለሰ ቁጥር ደብዳቤያችንን ይይዛል። በቴሌግራም ልላክ ብትል አላነበውም።

ስድቡ ግን አልበረደልኝም። «የአባባን ማስታወቂያ አውርጂ፣ ሚራኖ የሞተ ካሜራ ነው» ስትለኝ ስልኩ ውስጥ ገብቼ ባንቅህ ደስ ይለኝ ነበር። አባባ አላህ ይዘንለትና ነፋስ ስልክ «ፎቶ ሰዒድ፣ በሚራኖ ካሜራ» ብሎ የሰቀለው ቆርቆሮ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ቤቱ ሲፈርስ፣ አንተ ሶፋ ስትጭን እኔ እሱን ተሸክሜ ነው ጀሞ የገባሁት። አባባ በፊልሙ ሚራኖ አሳደገን፤ እኔ በዲጂታሉ ሚራኖ አንተን ፎቶ ማንሳት አስተማርኩህ። እኛ ቤት ሚራኖ ከዘመድ ስም እኩል ነው የሚጠራው።

አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስ። ሚራኖ ወደ ኋላ ቀርቷል ወይስ አልቀረም፣ እውነቷን ተናገሪ ብለሃል። ቀርቷል። ይኸው በእጄ ጻፍኩት፣ ደስ ይበልህ። ዘንድሮ ያወጡትን ሜክሲኮ አንድ ሱቅ ውስጥ ይዤ አየሁት፤ ያው የአምናው ነው፣ ቆዳውን ለውጠው ቁጥሩን ጨምረውበታል። ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ዓይን ፈልግ ስትለው ወዲያ ወዲህ ሲል ሙሽራዋ ስቃ ትጨርሳለች። ቤዚ የምትባል ልጅ ከብሎካችን ፊት ለፊት ስቱዲዮ ከፍታለች፤ እሷ ያነሳችው ፎቶ ምግብ ሳይነሳ ዘመድ ስልክ ላይ ደርሷል። አዳራሹንም መናፈሻውንም ከወሰደችብኝ ቆየች።

የሴቶቹ ክፍል ግን የኔ ነው። ለምን የኔ እንደሆነ ቻይና አስረስታህ ከሆነ ላስታውስህ። እዚያ ክፍል ሴቱ ሂጃቡን አውልቆ፣ ፀጉሩን ፈትቶ እንደ ልቡ ይጨፍራል። ወንድ አይገባም፣ በስልክ ማንሳትም ነውር ነው። የምታነሳው አንዲት ሴት ናት፣ እሷም እኔ ነኝ። ሲያልቅ ሁሉም እያየ ካርዱን ከሚራኖ ሆድ አወጣለሁ፣ በነጭ መሐረብ እቋጥራለሁ፣ «አደራሽን ተረከቢ» ብዬ በሙሽራዋ እናት መዳፍ ላይ አኖራለሁ። እናትየዋ ሳምንት ቆይታ ይዛው ሱቅ ትመጣለች፤ ኢንተርኔት ገብቶበት በማያውቀው ኮምፒዩተሬ አጠገቤ ተቀምጣ እያየች አትምላታለሁ። ካርዱን መልሼ ቋጥሬ እሰጣታለሁ፤ እኔ ዘንድ ምንም አይቀርም። ሚራኖ ዋይፋይ የለው፣ ብሉቱዝ የለው፣ ከማንም ጋር አይገናኝም። አንተ ኋላ ቀር የምትለውን እናቶቹ ጨዋ ይሉታል።

ስለዚህ አዲስ ካሜራ አትላክልኝ። የኔው ሸተሩ አርጅቷል፣ ሲዘጋ እንደ አሮጌ በር ይንጫረራል። አንድ ሸተር ፈልገህ ላክልኝ፣ ሌላ አልፈልግም። ደግሞ ከመጋዘኑ ሥራ ለምን ወጣህ? ቶሌራ ሱፍ ከለበሱ ሰዎች ጋር አየሁት አለኝ።

እህትህ ሙፊዳ


ጓንዡ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለአስተማሪዬ፣ ለተሳዳቢዬ ሙፊዳ፤

ወዐለይኪ ሰላም። በመጀመሪያ ስለዘገየሁ ይቅርታ። ቶሌራ እዚህ ሳለ እኔ ለኤግዚቢሽን ሌላ ከተማ ነበርኩ። ሁለተኛ፣ ሸተሩን ስላላገኘሁ ይቅርታ። አልፈለገም እንዳትዪ፣ ፈልጌያለሁ። ሚራኖ ራሱ መሥራት አቁሞታል። የራሱን ልጅ የካደ ፋብሪካ ነው አንቺ የምትሟገችለት።

ኤግዚቢሽኑ ላይ የሚራኖን ቦታ ብታዪው ታለቅሺ ነበር። ጥቂት ሽማግሌዎች ቆመው ሌንስ ይዳብሳሉ። ሻጩን ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር አላችሁ አልኩት። ጥራታችን አልተለወጠም አለኝ፤ ወላሂ ይኼንኑ ነው ያለኝ። እኔ የጠየቅሁት ሌላ፣ እሱ የሚመልሰው ሌላ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዳትዪኝ እንጂ፣ እነዚህ ሰዎች በአባባ ዘመን የሠሩትን እያሳዩ ሊያረጁ ነው። ከጎናቸው ያለው አዲሱ ፋብሪካ፣ ስሙን እንኳ ሰው በቅጡ ያልያዘው፣ ሰልፉ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ነው የሚመስለው፤ ይጋፋሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነው። ከመጋዘኑ ወጥቻለሁ። ከአንድ ፋብሪካ ሰዎች ጋር የጀመርኩት ነገር አለ፤ ሳይጨበጥ አላወራም። ሱፉን ቶሌራ አጋንኖታል፣ ሸሚዝ ነው።

አሁን ደግሞ ሳትቆጪ አንብቢ። በቶሌራ እጅ ሣጥን ልኬልሻለሁ። አዲሱ ካሜራ ነው። አታንሺበት፣ ዝም ብለሽ ያዥው፤ ሚራኖሽ የቆመ ቀን ባዶ እጅሽን እንዳትቀሪ ብዬ ነው። እስከ ዛሬ ካሜራ የሚባል ነገር ሁሉ የነጭ ፊት ላይ ይቀናውና የኛን ፊት ደብዛዛ ክፍል ውስጥ ሲያጣው ኖሯል፤ አንቺም ይኼን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ይኼኛው ግን እየለመደ ነው። ሁሉንም አስተካክዬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ሣጥኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ያለውን አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚው። የካሜራውን ሰዓትና ቀን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ስልክሽ ቦርሳ ውስጥም ቢሆን አጠገብሽ ይሁን።

ለጡት እናቴ፣ ለእማዬ ዘምዘም እጇን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ሃሩን


ጀሞ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃሩን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሣጥንህ ደርሶኛል። እንደደረሰኝ ቁምሳጥን ላይ ወርውሬው ነበር፣ አልዋሽህም። እልህህን አውቀዋለሁ፤ አትላክ ስትባል የምትልክ፣ አትንካ ስትባል የምትነካ ልጅ ነበርክ።

ግን ሚራኖዬ ሞተ። ለቡ መብራት ኃይል አንድ ሠርግ ላይ፣ ሙሽራዋ ልትገባ በሩ ሲከፈት ቀጭ አለና ዝም አለ። ደጋግሜ ተጫንኩት። ሴቶቹ እልል እያሉ እኔ እዚያ መሐል ቆሜ ካሜራዬን እንደ ሕፃን አባብለው ነበር። አንድ ነገር ረሳሁ ብዬ ወጥቼ፣ ታክሲ ይዤ ጀሞ በርሬ ያንተን ሣጥን ከነአቧራው ይዤ ተመለስኩ። አፑንም እዚያው ታክሲ ውስጥ ጫንኩት።

እንዴት ነው ካልከኝ፣ እውነቱን እነግርሃለሁ። የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ክፍሉ ጭልም ያለ ነበር፤ እሱ ግን ጠይም ፊት ባየ ቁጥር ዓይን ላይ ቁጭ ይላል። ሰው ቢዞር ይከተላል፣ ቢጨፍር አይለቅም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ ብልህ ታምነኛለህ? በደስታ አይደለም፣ በንዴት ነው። በሚራኖ ተናደድኩ። ይኼ ነገር የሚቻል ከነበረ እነሱ ምን ሲሠሩ ነበር? ስንት ሙሽራ ናት ፊቷን ስቶብኝ እኔ ብርሃኑ ነው፣ እጄ ነው እያልኩ ራሴን ስወቅስ የኖርኩት። አባባስ ስንቱን ፊት አጥቁሮ አትሞ ሲያፍር ኖረ። ለእነሱ የሰጠነውን ታማኝነት ያህል እንኳ አላሰቡልንም።

ካርዱን ግን እንደ ድሮው በመሐረብ ቋጥሬ ለእናትየዋ ሰጥቻለሁ። ከዚያም ወዲህ ያነሳሁትን ሁሉ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ካሜራው ቢለወጥ አደራው አይለወጥም።

ሁለት ነገር ጠይቄህ ላብቃ። ካሜራው ጎን ላይ አንዲት ሰማያዊ መብራት አለች፤ እኔ ሳልነካት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ምንድን ናት? ደግሞ ሠርግ በሄድኩ ቁጥር የስልኬ ዳታ ሳላውቀው ያልቃል። ከዚህ ካሜራ ጋር ይገናኛል? አጣርተህ ቶሎ ጻፍልኝ፤ ምክንያቱም ከረመዳን በፊት ባለው እሁድ የመርዋ ሠርግ ነው። የዘምዘም መርዋ። እማማ ታማ በተኛች ጊዜ ዘምዘም አንተን ከራሷ ልጅ ጋር ጡት አካፍላ እንዳሳደገችህ እኔ አልነግርህም። መርዋ የጡት እህትህ ናት፤ አንተ ፀጉሯን ብታይ ሐራም የለብህም፣ ሌላ ወንድ ግን አይቶት አያውቅም። በሷ ሠርግ ላይ ነገር ሊበላሽብኝ አይገባም።

እህትህ ሙፊዳ


ጓንዡ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙፊዬ፤

ቶሌራ አውሮፕላኑ ሊያመልጠው ስለሆነ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ማጠሩን ይቅር በዪኝ።

የሚራኖሽን መሞት ስሰማ አዘንኩ፤ ሳቅሁም። አላህ የተሻለውን ተካልሽ።

ሰማያዊዋ መብራት ምንም አይደለችም፤ ካሜራው ሰዓቱን ሲያስተካክል ነው። ዳታሽም ከሱ ጋር አይገናኝም፤ ታክሲ ውስጥ ቪዲዮ እያየሽ ጨርሰሽው ነው። ሐሳብ አይግባሽ።

ለመርዋ በቶሌራ እጅ ጨርቅ ልኬያለሁ፣ ወርቅማ ነው፣ ይስማማታል። ስታነሻት ያን ትልቁን መብራት አታብሪባት፤ ይኼ ካሜራ በደብዛዛ ክፍል ነው የሚያምርበት። ብዙ አንሺ። ከሁሉም ማዕዘን አንሺ። ኢንሻአላህ በቅርቡ ትልቅ የምሥራች ይኖረኛል።

ሃሩን


ጀሞ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሃሩን፤

ዒድ ሙባረክ፣ ቢዘገይም። ለዒድ ደውለህ ድምፅህን ብሰማ ባልጠላሁ ነበር፣ ግን ቃል ቃል ነው።

ስለ ሠርጉ ልንገርህ። ሃሩን፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ትልቁን መብራት እንዳልከው አላበራሁትም። መርዋ ፀጉሯን ፈትታ ስትስቅ፣ ዘምዘም ሂና የተቀባ እጇን ጉንጯ ላይ ያኖረችበት አንድ ፎቶ አለ። ሱቅ መጥታ ሳትምላት ዘምዘም ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። ከዚያ ይኼ ለኔ ብቻ ነው፣ ለባሏም አላሳየውም አለች። ካርዱን መልሼ ቋጠርኩላት፣ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የኔን ስም ትጠራለች፤ ከጾሙ በኋላ ባለው በሸዋል ወር ለሚደረጉት ሠርጎች ሰው እምቢ እስከ ማለት ደርሻለሁ። ቤዚ እንኳ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች።

ስለዚህ አመሰግናለሁ። ይኼን ቃል ከኔ ስታገኝ የመጀመሪያህ ሳይሆን አይቀርም። ማስታወቂያው ላይ ያለውን «በሚራኖ ካሜራ» የሚለውን በቀለም ልሸፍነው አስቤ መሰላል ላይ ወጥቼ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ፣ ወረድኩ። አባባን ከመቃብር አውጥቼ የምገፋው መሰለኝ።

የምሥራች አለኝ ብለህ ጀምረህ ዝም ያልከው ምንድን ነው? ልታገባ ነው እንዴ?

ሙፊዳ


ጀሞ፣ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃሩን፤

ሰላምታ አልጽፍም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ቤዚ ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጣች። አዲሱን ካሜራ ገዝታ ሣጥኑን በፌስታል ጠቅልላለች። ልትፎክርብኝ መስሎኝ ፊቴን አጨፍግጌ ተቀበልኳት። እሷ ግን በሩን ዘጋችና ሣጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ሣጥኑ ላይ መርዋ ናት። ፀጉሯ ተፈቶ፣ አንገቷ ተገልጦ፣ የእናቷ ሂና ጉንጯ ላይ። ከሥሯ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አለ፤ ቤዚ ስታነብልኝ በጨለማም ዓይን አይስትም ማለት ነው አለችኝ።

ቤዚ ያየችው መርካቶ ነው። ሱቆቹ መደርደሪያ ላይ መርዋ እስከ ጣሪያ ተደርድራለች። ልጅቷ ክርስቲያን ናት፣ ተቀናቃኜ ናት፣ ግን ነገሩ ገብቷታል፤ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ሣጥኖቹን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሩልኝ ብላ ስትለምን ውላለች። አንዳንዱ አዙሮላታል፣ አንዳንዱ ስቆባታል። ይኼንን ያደረገችው ባዳ ናት፤ አንተ የአባቴ ልጅ ነህ።

በመጀመሪያ ካርዱን ነው የጠረጠርኩት። ዘምዘም ቤት ሮጥኩ፣ ምን እንደሆንኩ ሳልነግራት ካርዱን አሳዪኝ አልኳት። ሣጥኗ ውስጥ ነው። ቋጠሮው የኔ ቋጠሮ ነው፣ ማንም አልፈታውም። እዚያው ቆሜ ካርዱ ካልወጣ ፎቶው በየት ወጣ እያልኩ እንደ ዕብድ ለራሴ አወራሁ። ተመልሼ ስመጣ ቤዚ ስልክሽን ስጪኝ አለችኝ። ሰዓት የሚያስተካክለውን አፕህን ከፈተችው። ሁሉም እዚያ ናቸው ሃሩን። የለቡዋ ሙሽራ፣ የላፍቶዋ፣ የመርዋ፣ ከዚያ በኋላ ለሸዋል ያነሳኋቸው ሁሉ፤ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ፣ ልጅ የምታጠባዋ ሳትቀር። እኔ ስጫን ካሜራው ለስልኬ፣ ስልኬ ለአንተ ይልካል። እያንዳንዱ ላይ የተላከለት ሰው ስም አለ፤ ሃሩን ሰዒድ ይላል።

እኔ ሰው ፊት ቆሜ ካርድ በመሐረብ ስቋጥር፣ አደራሽን ተረከቢ ስል፣ ፎቶው አንተ ዘንድ ከደረሰ ቆይቷል። ሌባውን በቦርሳዬ ተሸክሜ ነው የገባሁት። እናቶቹ ምን እንደሚሉኝ ልንገርህ፤ አደራ በላች ነው የሚሉኝ። አባባ ያቆየውን ስም ሂድና ፈልገው።

ዘምዘም ሣጥኑን አይታለች። ማን እንዳሳያት አትጠይቀኝ፣ ያን ቀን ቤታቸው የሆነውንም አልጽፍልህም።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ሰማያዊዋ መብራት ምንድን ናት ብዬ በእጄ ጽፌ ጠየቅሁህ። አንተም በእጅህ ጽፈህ መለስክልኝ። ቀጣዩ ሠርግ የመርዋ መሆኑን ነግሬህ ነበር። ስትጽፍልኝ እያወቅህ ነው? አዎ ወይም አይደለም በል። ሌላ አልፈልግም።

ሙፊዳ


ጓንዡ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሙፊዳ፤

አዎ።

ሌላ አልፈልግም ብለሻል፤ እኔ ግን ካልጻፍኩት እሞታለሁ፣ ባታነቢውም ልጻፈው። ሣጥን ላይ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ወላሂ፣ ቢላሂ አላሰብኩም። ፋብሪካው የኛን ሰው ፊት ይፈልግ ነበር፤ ካሜራቸው ደብዛዛ ክፍል ውስጥ ጠይም ፊት ሲያይ እንዲለምድ ብዙ ፎቶ ያስፈልገዋል። ማሽን ነው የሚያየው፣ ሰው አያየውም አሉኝ። እኔም ለራሴ እንደዚያ አልኩት። ማሽን ወንድ አይደለም አልኩ። ማን ይጎዳል አልኩ። አንቺም እኮ ዓይን ላይ ቁጭ ይላል ብለሽ ያደነቅሽው ያንኑ ነው። ካንቺ በፊትም ከሌላ አገር ከሌሎች ሴቶች ተምሮ ነው እንደዚያ የሆነልሽ። እነሱን ማን ጠየቃቸው? ማንም አልጠየቃቸውም። እንዲህ እያልኩ ነው የቆየሁት።

የመርዋን ፎቶ የመረጡት እኔን ሳይጠይቁ ነው። ማነች ብለው እንኳ አልጠየቁም። ሲነግሩኝ ታትሞ ነበር። አውርዱት ብዬ ጮኼያለሁ፤ በሚቀጥለው እትም ሌላ ሴት ይደረጋል አሉኝ። የትኛዋ ሴት እንደምትሆን አልነገሩኝም።

ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው፤ ለአገራችን ወኪል አድርገውኛል። የምሥራች ያልኩሽ እሱ ነበር። ልተወው አስቤ ነበር። አልተውኩትም። እኔ ብተወው ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ ፎቶውም አይመለስም ብዬ አሰብኩ። ምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ።

ካሳ አይሆንም፣ ግን በቶሌራ እጅ ሚራኖ ልኬልሻለሁ። አዲሱን ሚራኖ። በመጨረሻ ነቅተዋል፤ እርጅናው በቅቷቸው ዓይን የሚያገኘውን ነገር ከኛ ፋብሪካ ገዝተው ከተቱበት። አሁን ሰልፉ እነሱ ጋ ነው። ከእንግዲህ ሚራኖን ማንም ኋላ ቀር አይለውም። አባባ ቢኖር ደስ ይለው ነበር። አንቺም በምትወጂው ስም ትሠሪያለሽ።

መርዋ እንዴት ናት? እማዬ ዘምዘምስ? ልምጣና እግሯ ላይ ልውደቅ? አፉ በዪኝ። እባክሽ አፉ በዪኝ።

ሃሩን


ጀሞ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሃሩን ሰዒድ፤

ልጽፍልህ አልፈለግሁም። አጎታችን አናስ እየተመላለሰ ለመነኝ። ተጻጻፉ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ኃጢአቱ በኔ ላይ ሆነ ብሎ ሽማግሌው ፊቴ ሲያለቅስ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

የጠየቅኸኝን በየተራ ልመልስልህ። መርዋ ተመልሳ እናቷ ቤት ናት። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሠርጓን ያነሳሁት እኔ ነኝና የቀረውን መጻፍ አልችልም። ዘምዘም ያንተን ስም አንስታ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ ሰው ሁሉ ባለበት ደረቷን ይዛ ይኼን ጡት አለች፤ አልጨረሰችውም፣ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ልምጣ ላልከው፣ ቤትህ ነው፣ ና። እግሯ ላይ ልውደቅ ላልከው፣ እግሯን አትሰጥህም። አፉ በዪኝ ላልከው፣ የራሴን አፉ ማለት እችል ይሆናል፤ የነሱን ግን በኔ አፍ አፉ ልልህ አልችልም።

ሚራኖህ ደርሶኛል። ሣጥኑን ስከፍት የድሮው ሽታ አለው፤ የአባባ ጃኬት ኪስ የሚሸተውን ሽታ። ሞኝ አይደለሁ፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ባትሪውን ከተትኩና አበራሁት። ዓይኑን ሳይከፍት ኔትወርክ ጠየቀኝ። ዘለልኩት፤ ስሜን ጠየቀኝ። ያንንም ልዝለል ብል እምቢ አለኝ። ቤዚን ጠርቼ አሳየኋት፤ ወዲያ ብትለው ወዲህ ብትለው ሳይመዘገብ አይሠራም፣ ሁሉም እንዲህ ሆነዋል አለችኝ። በሷ ስም ከፍታ እኔን አነሳችኝ። ሱቁ ጨልሞ ነበር፤ እሱ ግን ወዲያው ዓይኔ ላይ ቁጭ አለ። አወቅሁት። የት እንደተማረውም፣ እነማን ላይ እንደተማረውም አውቃለሁ። ስማቸውን ከነእናታቸው ልጠራልህ እችላለሁ።

ሚራኖ ወደ ኋላ ቀርቷል ወይ ብለህ ነበር የጀመርከው። አልቀረም፣ ደርሶባችኋል። ወደ ኋላ የቀረ ጊዜ ነበር የሚሻለን። ዓይኑ ፈዞ፣ ጆሮው ደንቁሮ፣ ያየውን ለማንም ሳይናገር ካርዱን በእጄ ሲሰጠኝ ነበር ካሜራ። ለቶሌራ መልሼዋለሁ፣ ከሱ ተረከበው። የአባባንም ማስታወቂያ አወረድኩት። ያልከው ሆነልህ። ቁምሳጥኑ ጀርባ አስገብቼዋለሁ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው።

አሁን ምን ትሠሪያለሽ ትለኝ ይሆናል። እሱንም ልመልስ። እናቶቹ መክረው፣ የሴቶቹ ክፍል ካሜራ የሚባል ነገር ከእንግዲህ አይገባም ብለዋል። ስልክም በር ላይ ይቀራል። ለሙሽራ አንድ ፎቶ እንኳ አይኖራትም፤ ልጆቿ እናታቸው በሠርጓ ቀን እንዴት እንደሳቀች አያዩም። በር ላይ ስልክ የምትሰበስብ ማን ትሁን ሲባባሉ ዘምዘም ሙፊዳ ትሁን አለች አሉ። ይቅርታ ይሁን ቅጣት አልጠየቅኋትም። ዓይን ያለውን ነገር ከሷ በላይ ማን ያውቀዋል ብላም ይሆናል። እሺ ብያለሁ።

ባለፈው እሁድ እዚሁ ጀሞ ሠርግ ነበር። በሩ ላይ በርጩማ ተሰጥቶኝ፣ ሳፋ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። የሚገባው ሁሉ ስልኩን ሳፋው ውስጥ ያኖራል፤ የሚያውቀኝ ዓይኔን ሳያይ ያልፋል፣ የማያውቀኝ እንዳይጠፋብኝ ይለኛል። መርዋ መጣች። ከዚያ ወዲህ ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው ይላሉ። ሻርፗ ቅንድቧ ድረስ ወርዷል። ሴት ብቻ ወዳለበት ክፍል ስትገባ እንደዚያ ተከናንባ የመጣች እሷ ብቻ ናት። ስልኳን ሳፋው ውስጥ አኖረች። ታልፋለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አላለፈችም። ቆመች፣ ቦርሳዬን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ያንቺስ?» አለችኝ።

ስልኬ እንደ ልማዴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ከሌሎቹ ላይ አኖርኩት። እሷም ሳፋው ውስጥ መግባቱን አይታ ገባች። በሩ ሲዘጋ ውስጥ ጭብጨባው ጀመረ። ሻርፗን ታውልቅ አታውልቅ አላየሁም፤ እኔ በሩ ላይ ነኝ።

ሙፊዳ ሰዒድ